ድምፄ የተመለሰ ዕለት

ያን ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። አንገቷ ላይ ጠባሳ ያላት፣ የሀገር ቀሚስ የለበሰች ቀጭን ልጅ አምስተርዳም አንድ አዳራሽ ውስጥ ለእናቷ ትዘፍናለች፤ ሰዉ ሁሉ ያለቅሳል። ከስሩ «ድምፅ ማለት ይሄ ነው»፣ «ይቺ ልጅ ድንጋይ ታስለቅሳለች» እያላችሁ ጽፋችኋል። አላህ ይስጣችሁ። ልጅቷ እኔ ነኝ። ዛሬ በየሰርጉና በየመድረኩ የምጠራው በዚያ ቪዲዮ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ቀን ሰዉ ያለቀሰው በድምፄ አልነበረም። በምን እንደነበር ከመናገሬ በፊት ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ።

ስሜ ሀያት ነው። የተወለድኩት ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። እማዬ በእኛ በኩል ሰርግ ሲደገስ ከሙሽራዋ ቀጥላ የምትታሰብ ዘፈን አውጪ ነበረች። አውጪ ማለት ግጥሙን እዚያው ከራሷ እያፈለቀች የምትመራ ናት፤ ሌላው እያጨበጨበ ይቀበላል። እኔ ከጀርባዋ ታዝዬ፣ ከዚያ ቀሚሷን ይዤ፣ ከዚያ ጎኗ ቆሜ እየተቀበልኩ ነው ያደግኩት። የከተማ ዘፈን አልችልም፤ እውነት ለመናገር አልወድምም። የእኔ የባላገር ዘፈን ነው።

በአሥራ ስድስት ዓመቴ ሮተርዳም ወደምትኖረው ወደ አክስቴ ወደ ዘይነባ መጣሁ። የእማዬ ታናሽ እህት ናት፤ አሮጊትና ሽማግሌ ቤት ለቤት እየዞረች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። እኔ ሁለተኛ ደረጃን እንደምንም ጨረስኩና በቃኝ አልኩ። ቁጭ ብሎ መማር የሚሉት ነገር ለእኔ አልተፈጠረም። ዴን ሃግ፣ ላክ የሚባለው ሰፈር አንዲት ጠባብ ቤት ተከራየሁ፤ ስኬቨኒንገን ባሕሩ ዳር ያለ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ፤ አልጋ ሳነጥፍ እዘፍናለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከናቲ ጋር ሰርግ ላይ እጫወታለሁ። ናቲ ሮተርዳም ተወልዶ ያደገ ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ አማርኛው ግማሹ ደች ነው፣ ጣቱ ግን ወሎዬ ነው።

አንድ ቀን አንገቴ ላይ እብጠት ዳሰስኩ። አልደነገጥኩም። በእኛ አገር እንቅርት የሌለበት ቤት የለም፤ አያቴም ነበራት። ድምፄ መሻከር ሲጀምር ነው ሀውስአርትስ ጋ፣ ማለት የቤተሰብ ሐኪሟ ጋ የሄድኩት። እሷ ሮተርዳም ትልቅ ሆስፒታል ላከችኝ። መርፌ ሰደው ናሙና ወሰዱ። ከዚያ አንዲት ወጣት ሐኪም ወንበሯን ወደ እኔ ስባ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች «ካንሰር ነው» አለችኝ። እንደዚያ ብላ ቀጥ አድርጋ የነገረችኝ መጀመሪያ ጨካኝ መስላኝ ነበር።

አንገቴን ከፍተው እጢውን በሙሉ አወጡት። ሕይወቴ ተረፈ። ድምፄ ግን ሄደ። የድምፅ አውታሩን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በአንድ በኩል ተጎድቷል አሉኝ፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። አፌን ስከፍት የሚወጣው ነፋስ ብቻ ሆነ። ከእኔ አንደበት ነፋስ! ያን ሰሞን እማዬ ስትደውል መልስ የሚሰጣት አክስቴ ነበረች። «ሀያት ጉንፋን ይዟት ነው»፣ «ሥራ ላይ ናት»፣ «ስልኳ ተበላሽቷል» ትላታለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ፤ ልናገር ብልም ድምፅ የለኝም። እማዬ እውነቱን የሰማችው ከወራት በኋላ፣ ገበያ ላይ፣ ልጇ ጀርመን ካለች ሴትዮ ነው። «ልጅሽን ካንሰሩ ተዋት ወይ?» ብላት። የገበያ ቅርጫቷን እዚያው ጥላ ወደ ቤት እንደሄደች ወንድሜ ሰይድ ነገረኝ።

ከዚያ ሎጎፔዲስት፣ ድምፅ የምታስተምር ባለሙያ ጋ መመላለስ ጀመርኩ። በቀጭን ቱቦ ውኃ ውስጥ አረፋ እየነፋሁ «ዉዉዉ» እላለሁ፤ ልክ እንደ ሕፃን። ቀስ በቀስ መናገር ቻልኩ፤ ድምፄ ግን የሽማግሌ ነበር። ለእማዬ በራሴ አፍ ስደውልላት «ማነሽ አንቺ?» አለችኝ። «እኔ ነኝ፣ ሀያት»። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር የምትጠይቀኝ ያንኑ ነበር፤ «ድምፅሽ ተመለሰ?» ስለ ካንሰሩ አይደለም፤ ስለ ድምፄ። እሷ ያወረሰችኝ እሱን ነዋ። እኔም «ገና ነው እማዬ፣ ሲመለስ አንቺ ነሽ መጀመሪያ የምትሰሚው» እላታለሁ።

ተመለሰ። አንድ ጠዋት አረፋውን እየነፋሁ ሳለ ድምፄ ድንገት ወደ ላይ ወጣና ቆመ፤ አልተሰበረም። ሎጎፔዲስቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከደረጃው እየዘለልኩ ወርጄ መንገድ ላይ ለእማዬ ደወልኩ። አይሠራም። የእነሱ አካባቢ ኔትወርክ በዚያው ሰሞን ተቋርጦ ነበር። ወሎ ዘመድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ኔትወርክ ጠፋ ከተባለ ጠፋ ነው፣ መቼ ይመለሳል ተብሎ አይጠየቅም። በየቀኑ እሞክራለሁ፤ አይሠራም።

የወሎ ተወላጆች ዝግጅት የመጣው ያኔ ነው። በዓመት አንዴ አምስተርዳም አዳራሽ ተከራይተን ከሰዓት በኋላ እንሰበሰባለን። የዚያን ዓመት ዝፈኚ ተባልኩ። ከሕመሜ በኋላ የመጀመሪያ መድረኬ። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ናቲ ይቀዳኛል፣ ኔትወርክ ሲመለስ ለእማዬ እልክላታለሁ። መድረኩም ሰዉም ለእኔ ሰበብ ነበሩ፤ የምዘፍነው ለእሷ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ ከሮተርዳም ወደ ላክ መጣች። ቀሚሴን ተኮሰች፣ ጸጉሬን ሠራች። እሷም ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ሊፕስቲክ ተቀብታለች። አክስቴን ሊፕስቲክ ተቀብታ አይቻት አላውቅም። ከሆላንድስ ስፖር ጣቢያ ባቡር ይዘን ወጣን። እኔ እንደ ልማዴ መቀመጥ አቅቶኝ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ እሷ በመስኮት ታያለች።

«አክስቴ፣ ዓይንሽ ምን ሆኖ ነው የቀላው?»

«ጉንፋን ነው። ያቺ ገላዋን የማጥባት አሮጊት ፊቴ ላይ ካላስነጠሰች አይሆንላትም።»

«ሰይድ አልደወለም?»

«በምን ይደውላል? ኔትወርክ የለም አይደል?»

«ደሴ ድረስ ወጥቶ አይደውልም እንዴ? ይሄ ሰነፍ!»

«ወንድምሽን እንደሱ አትበዪ» አለችኝ ቆጣ ብላ። ወዲያው ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ነይ ተቀመጪ፣ ሀዩ። እግርሽን አሳርፊ» አለች።

«አልደከመኝም። ሕመምተኛ ነገር አታድርጊኝ።»

ተነስታ መጥታ አጠገቤ ቆመች። እጄን ያዘችኝ፤ መዳፏ በረዶ ነው። «አንቺ ብቻ ዛሬን ዝፈኚ» አለችኝ። ስለ እኔ የፈራች መሰለኝ። «አይዞሽ፣ አይሰበርም» ብዬ አጽናናኋት። እኔ እሷን!

አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ውስጥ ያለው ጫጫታ ቀጥ አለ። ከዚያ ሴቶቹ መጡ። እያንዳንዷ አቅፋኝ አትለቅም። «አይዞሽ የኔ ልጅ»፣ «አላህ ያበርታሽ»፣ «ጠንካራ ነሽ አንቺ»። እኔ ደግሞ ለዚህ ተላምጃለሁ። ካንሰር ይዞት የተረፈን ሰው፣ ሰዉ እንቁላል እንደያዘ ነው የሚነካው። ሰልችቶኝ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያልኩ አለፍኩ። አንዲት ሴትዮ «ውይ፣ እናት እኮ…» ብላ ስትጀምር ጎኗ ያለችው ክንዷን ስትቆነጥጣት አየሁ። ስለ ጠባሳዬ የሚያወሩ መስሎኝ አንገቴን ቀና አድርጌ አሳየኋቸው። እዩት፣ ምን ታመጣላችሁ ብዬ።

ጋሽ እንድሪስ ከመድረኩ ጀርባ መጡ። የእኛ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋብቻም ሽምግልናም ሐዘንም ያለ እሳቸው አይሆንም።

«ልጄ፣ እንዳትደክሚ ሁለት ሞቅ ሞቅ ያለ ብቻ ተጫወቺና ውረጂ» አሉኝ።

«ሦስት ነው ጋሼ። የእናቴን ዘፈን መጨረሻ ላይ አለኝ።»

«እሱ ይቅር ግድ የለም። ለሌላ ጊዜ ይሁን።»

«ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት እሱን ልዘፍን ነው። እሱን ካልዘፈንኩ ሌላውንም አልዘፍንም፣ ይንገሩኝና ልሂድ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉት ቆዩ። «እንግዲያው እንዳልሽ» አሉና ሄዱ። ናቲ ኪቦርዱ ላይ አቀርቅሯል።

«አንተስ ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም። ሀያት፣ ያቺን ዘፈን እንተዋት? እኔ… አልተለማመድኳትም።»

«ባለፈው ሳምንት ሦስቴ ተጫውተናት?»

«ረሳኋታ።»

«አትዋሽ! ስልክህን አስተካክለህ አቁም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነው የምትቀዳኝ። ለእማዬ የሚላክ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። «ኦኬ» አለ። ስልኩን ሲያቆም ሁለቴ ወደቀበት።

ሁለቱን ዘፈኖች ዘፈንኩ። ሰዉ ያጨበጭባል፣ ግን አይነሳም። ወሎዬ እስክስታ እየተጠራ ቁጭ ይላል? ተናደድኩ። ለድምፄ የፈሩ መሰለኝ፤ ይሰበር ይሆን ብለው ተሳቀው የተቀመጡ። ስለዚህ ሦስተኛውን ስጀምር ከጥጉ፣ እማዬ ታነሳበት ከነበረው ከፍታ አነሳሁት። ግጥሙ የራሴ ነው፤ ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ድምፅ ሳይኖረኝ በሆዴ የገጠምኩት።

«እናቴ ደጅ ውጪ፣ ነፋሱን ስሚው፣
የታመመው ድምፄ ድኖ ነው የመጣው።
ሐኪም አንገት ቢከፍት ምን ሊያገኝ ነበረ፣
ያንቺው ዘፈን ነው እንጂ ተጣጥፎ ያደረ።»

አልተሰበረም። ወላሂ ከሕመሜ በፊት እንኳ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ጣራውን ነክቶ ሲመለስ እኔው ራሴ ሰማሁት። አዝማቹ ላይ ደርሼ ማይኩን ወደ ሰዉ ዘረጋሁ፤ እንዲቀበሉኝ። አንድም ሰው አልተቀበለም። ቀና ብዬ አየሁ። ሴቶቹ ሻሻቸውን ዓይናቸው ላይ ስበዋል። አንድ ጎልማሳ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ጋሽ እንድሪስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

«ተቀበሉኝ እንጂ!» አልኩ እየሳቅኩ። «እናቴ ትሰማችኋለች እኮ!»

ያኔ ከኋላ አንዲት ሴት ጮኸች። ሌላዋም ተከተለች። አዳራሹ በሙሉ ለቅሶ ሆነ። ጠርዝ ላይ የቆሙ ወጣቶች ስልካቸውን ቀስረው ይቀዳሉ፤ ቪዲዮው ከእነሱ የአንዱ ነው። አክስቴን ፈለግኳት። መሐል ላይ፣ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሁሉ ሲያለቅስ እሷ ብቻ ሳታለቅስ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ታየኛለች። በልቤ «ከብረት ነው የተሠራሽው» አልኳት። እኔ ደግሞ ደስታዬ! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይሄንን ሁሉ ሰው በድምፄ አስለቀስኩ፤ ዘፋኝ ሆንኩ ማለት ነው፤ እማዬ ይሄን ስታይ… እያልኩ ነበር የማስበው።

ከመድረክ ስወርድ ከፍራንክፈርት የመጣ አንድ የሙዚቃ አዘጋጅ ካርዱን ሰጠኝ። ወሎዬ አይደለም፤ ወዳጅ ጋብዞት የመጣ ነው። «እህቴ፣ ሃያ ዓመት ዘፋኝ አመላልሻለሁ፤ እንደዚህ ሰው ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም» አለኝ። ከእኔ ሌላ በዚያ አዳራሽ ምንም የማያውቅ ሰው ምናልባት እሱ ብቻ ነበር።

አክስቴ ያን ምሽት ሮተርዳም አልመለስም አለች። «እግሬን ደክሞኛል፣ አንቺ ጋ ልደር» አለችኝ። ናቲ የቀዳውን እንዲልክልኝ ደጋግሜ ጻፍኩለት፤ አልመለሰም። እየተሳደብኩ ተኛሁ።

ጠዋት በበሩ ደወል ነቃሁ። ገና ማለዳ ነው፤ እሑድ፣ ሰፈሩ ጭር ያለበት። በመስኮት ቁልቁል አየሁ። ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከነሱ ኋላ ሴቶች፤ ሁሉም ጠቆር ያለ ለብሰዋል። ናቲ ከእናቱ ጋር ጥግ ላይ ቆሟል። አገር ቤት ያደገ ሰው ማለዳ፣ በቡድን፣ ደጅ ላይ የቆመ ሰው ምን ይዞ እንደመጣ ለማወቅ ማንም እንዲነግረው አያስፈልግም። ዞር ስል አክስቴ ከኋላዬ ናት። ጥቁር ለብሳለች። ጥቁሩን ከሮተርዳም በቦርሳዋ ይዛው መጥታ ነበር፤ ከቢጫው ቀሚስ ጋር።

«አክስቴ፣ ማነው?»

«ግቡ በያቸው ሀዩ።»

«ማነው ነው የምልሽ! ሰይድ ነው?»

ራሷ ወርዳ ከፈተች። ገቡ። ቤቴ ሦስት ሰው ሲገባባት የምትሞላ ናት፤ እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆሙ።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«አልቀመጥም። ይንገሩኝ።»

«የአላህ ውሳኔ ነው። ሁላችንም…»

«ጋሼ፣ ስም ይጥሩልኝ።»

«እናትሽ ናት» አሉኝ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

አልጮህኩም። ሰው ሁሉ እንድጮህ ይጠብቅ ነበር፤ ሁለት ሴቶች እንዳልወድቅ ሊይዙኝ እጃቸውን ዘርግተዋል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው።

«መቼ?» አልኩ።

ጋሽ እንድሪስ ወደ አክስቴ አዩ።

«መቼ ነው የሞተችው ያልኩት?»

«ትንሽ ቀን ሆኖታል፣ ልጄ።»

«ትናንት ታውቁ ነበር?»

ማንም አላየኝም። ሁሉም ወለሉን ያያሉ። ያኔ ገባኝ። የሴቶቹ እቅፍ። የቆነጠጠችው ሴትዮ። የናቲ ስልክ። ያ ሁሉ እንባ። እኔ መድረክ ላይ ቆሜ ለሞተች ሴት «ደጅ ውጪና ስሚኝ» ስል፣ እየሳቅኩ «እናቴ ትሰማችኋለች» ስል፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው መሞቷን ያውቅ ነበር።

«ሁላችሁም?» አልኩ። «ሁላችሁም ታውቁ ነበር? አንተም ናቲ?»

«እኔ ትናንት ጠዋት ነው የሰማሁት፣ እናቴ ናት የነገረችኝ… ሶሪ፣ ሀያት። ሶሪ» አለና ማልቀስ ጀመረ።

«ገና ከበሽታ የተነሳሽ ነሽ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «መድረክሽን ሳትወጪ ብንነግርሽ ይሰብርሻል ብለን ነው። ክፉ አስበን አይደለም። አባቶቻችንም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፤ ሰው እስኪጠነክር ይጠበቃል።»

«እኔ ካንሰር ነው የተነገረኝ፣ ጋሼ! ፊት ለፊት፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ! አልሞትኩም!»

ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ሽማግሌ ላይ። ማንም አልገሠጸኝም። ያኔ ነው ከጀርባዬ የሆነ ድምፅ የሰማሁት፤ የሰው አይመስልም። አክስቴ ነበረች። ግድግዳውን ይዛ ወደ ታች ተንሸራተተች፤ «እህቴን! እህቴን! ሳላለቅስላት!» እያለች ደረቷን መታች። ሁለት ሳምንት ያህል ይዛው ቆይታለች። አሮጊቶቿን እያጠበች፣ እኔን «ጉንፋን ነው» እያለች፣ ጸጉሬን እየሠራች፣ ቢጫ ለብሳ፣ እህቷን በዘፈን ስጠራ ዓይኗን ሳትሰብር። ልጮህባት የነበረው ሁሉ አፌ ላይ ቀረ። ወለሉ ላይ ወርጄ አቀፍኳት። የእናቴን መርዶ በተነገረኝ ማለዳ አጽናኟ እኔ ሆንኩ።

ሐዘኑ እኔ ቤት ሆነ። ከሮተርዳም፣ ከአምስተርዳም፣ ከዛንዳም ፋብሪካ ከሥራ በቀጥታ የሚመጣ ሰው ደረጃው ላይ ሳይቀር ተቀምጧል። ምግቡ፣ ቴርሞሱ፣ ፍራሹ፣ ሁሉም ከሰዉ ነው። መጥፎ ሰዎች አይደሉም፤ ይሄን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ከዚያ አንድ ከሰዓት ሰይድ ከደሴ ደወለ። ስልኩን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ።

«ምን ሆና ነው?» አልኩት።

«ሳንባዋ ነው። ሳል ነበር፣ ከዚያ ከበዳት። እኔ መድኃኒት ልገዛ ደሴ ወጥቼ ስመለስ ትንሽ ሻል ብሏት ነበር።»

«ደሴ ወጥተህ ነበር? ደሴ ኔትወርክ አለ?»

«አለ።»

«ለምን አልደወልክልኝም?»

«ለአክስቴ ደወልኩ እኮ።»

«ለእኔስ?»

«አክስቴ ናት፤ ልጅቷ መዝፈን ጀምራለች፣ እናትሽ ታማለች ብትባል ድምጿ መልሶ ይጠፋል አለችኝ። እኔም እውነቷን ነው አልኩ። ሻል ሲላት እንነግራታለን ተባባልን።»

«መዝፈን መጀመሬን ለእማዬ ነገርካት?»

«እንዴ! እግሬ እንደገባ ነዋ። ሀያት ድምጿ ተመልሷል፣ መድረክ ላይ ልትዘፍን ነው አልኳት።»

«ምን አለች?»

«ተይው ሀዩ።»

«ሰይድ፣ ምን አለች?»

«ፈገግ አለች። ተወኝ ልጄ አለችኝ። ስትታመምም ጉንፋን ነው ነበር ያላችሁኝ። አሁንም ልታጽናኑኝ ነው አለች።»

«ማልክላት?»

«በአላህ ማልኩላት ሀዩ። ደጋግሜ ማልኩላት። እሺ አለች። ግን እሺ ያለችው ለእኔ ብላ ነው፤ አውቃታለሁ።»

በሩን ሰው ያንኳኳል። «ሀያት፣ ደህና ነሽ?» ይላሉ።

«ሰይድ» አልኩት፣ «ያኔ ደሴ የያዝከው ስልክ ድምፅ ይቀዳል?»

«ምን?»

«ድምፅ ይቀዳል ወይ ነው የምልህ!»

ምን እንደጠየቅኩት የገባው ያኔ ነው። ትንፋሹን ሰማሁት። «ይቀዳል» አለኝ።

ወጥቼ ጫማዬን አደረግኩ። ሴቶቹ «ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም!» እያሉ በሩ ላይ ሊይዙኝ ሞከሩ። አልያዙኝም። ትራም ይዤ ስኬቨኒንገን ወረድኩና አሸዋው ላይ ከዳር እዳር ሄድኩ፤ እግሬ እስኪዝል። ማልቀስ የጀመርኩት እዚያ ነው፤ ውሻ የሚያናፍሱ ደቾች መሐል፣ ጮክ ብዬ፣ እንደ አገሬ ሰው። አንዲት ሴትዮ ውሻዋን ይዛ ቆመች። ሳትናገር ቆማ ጠበቀችኝና፣ ስጨርስ አንገቷን ነቅንቃልኝ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ቪዲዮው ዞረ። የፍራንክፈርቱን ሰው ሐዘኔን ሳልጨርስ አልነጋገርም አልኩት፤ ጠበቀኝ። አሁን ሥራዬ መዝፈን ነው፤ የሆቴሉን አልጋ ትቼዋለሁ። ከአክስቴ ጋር ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም። አንድ ቀን ሮተርዳም ሄጄ «ዳግመኛ አንቺ እንዲህ ብታደርጊኝ አልምርሽም» አልኳት። «ብታደርጊኝስ አንቺ?» አለችኝ። «እኔ እነግርሻለሁ። ታጥበሽ ሳትጨርሺም ቢሆን እነግርሻለሁ» አልኳት። አለቀሰችና እሺ አለች። ምሬያታለሁ? አንዳንድ ቀን አዎ። የእናቴ እህት ናት፤ ስትስቅ እማዬን ትመስላለች፣ ምን ላድርጋት።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ አንዳንዶቻችሁ አሁን ይህን ጊዜ ከሆነ ሰው የዘመዱን መታመም ወይ መሞት ደብቃችሁ ይዛችኋል። አውቃለሁ። ፈተና እስኪጨርስ፣ እስክትወልድ፣ ወረቀቱ እስኪመጣለት ብላችሁ ነው። መደበቅ ማለት ለሰው ማዘን ነው ተብለን ነው ያደግነው። እኔ ግን የምላችሁ ይሄ ነው፤ ክፉ ወሬ ስትደብቁ ደጉም ወሬ አብሮ ይታመማል። እማዬ በሕይወቷ የሰማችውን የመጨረሻ መልካም ዜና ውሸት ነው ብላ ነው የሞተችው። ድምፄ መመለሱን የማያውቅ አበሻ አውሮፓ ውስጥ የለም፤ ያላመነችው እሷ ብቻ ናት።

ይሰበራል ትላላችሁ። አዎ፣ ይሰበራል። እኔም ያኔ ሰይድ ከደሴ ደውሎ «እማዬ ታማለች» ቢለኝ፣ እዚያው መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር የማለቅሰው። ከዚያ ግን «በስልክ ልዝፈን፤ ቅዳኝና ወስደህ አሰማት» እለው ነበር። አንድ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። እያለቀስኩም ቢሆን እዘፍንላት ነበር።